በኦንላይን የታደሰው የአባቴ መታወቂያ

ለክቡር አቶ አሉላ አብርሃ
የመታወቂያ እድሳት ኃላፊ
ካዛንቺስ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ሲስተምዎ እንዳይቆራረጥ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ እዚሁ ሰፈር አርባ ዓመት ሻንጣ ሲጠግኑ የኖሩት የአቶ ሙሐሲን ጅብሪል ልጅ ነኝ። ሕዝቡ እንዳይጉላላ አስበው «እድሳት በኦንላይን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በርዎ ላይ ስለለጠፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም «በኦንላይን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቶሎ ስላልገባን፣ ድንቁርናችንን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. እኛ ከቤት ሳይወጡ ማለት መስሎን ነበር። አባቴ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ተኝተው ስለነበር እልል አልን፤ መታወቂያው ካልታደሰ የጤና መድን ደብተሩ አይታደስም፣ ያለ ደብተሩ ደግሞ ሆስፒታል ማስተኛት አቅማችን አልነበረም። ቅጹን በስልኬ ሞላሁ። ለካስ በእርስዎ ቤት ትርጉሙ የሞሉትን አሳትሞ፣ ክላሰር ውስጥ ከትቶ፣ ከንጋቱ ጀምሮ ተሰልፎ ማስረከብ ኖሯል! ስላስተማሩን አላህ ይስጥልን፤ ተሰልፌ አስረከብኩ።

2ኛ. ባለጉዳዩ በአካል ካልቀረበ በኦንላይን አይስተናገድም ስላሉ፣ ጎረቤቶቻችን ደጉና ቀነኒሳ አባቴን ከነወንበራቸው ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጧቸው። ሲስተም የለም ተባለ፤ አወረዷቸው። በማግስቱም አወጧቸው፣ አወረዷቸው። በሦስተኛው ቀን ደረጃዎ ላይ አባቴ ራሳቸው ሰው አታድክሚ፣ ተይው በቃ አሉኝ። እርስዎም በአጠገባችን ሲያልፉ በኦንላይን ተከታተሉ ብለው መክረውናል፤ ፈገግታዎን አልረሳውም።

3ኛ. ተከታተልኩ። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ «በሂደት ላይ» ይል ነበር። አባቴ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሐኪም ሳያያቸው እቤታቸው ሞቱ። እርስዎን ግን አልወቅስም፤ እርስዎማ ምን አደረጉ? ምንም።

ክፉ ቀን ሲመጣብዎ በወንበር ተሸክሞ ፎቅ የሚያወጣ ጎረቤት እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ኢኽላስ ሙሐሲን

ማስታወሻ፦ አባቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ጥያቄያቸው በኦንላይን መጽደቁንና መታወቂያውን በአካል ቀርበው እንዲወስዱ የሚያበስር መልእክት በስልካቸው ደረሰን። እሳቸው ከእንግዲህ ወደ እርስዎ መምጣት አይችሉም፤ እርስዎ ግን ወደ እሳቸው መሄድዎ አይቀርምና ያኔ ይዘውላቸው ይሂዱ። እዚያ የሚኬደው በአካል ነው።