ኮሎኝ ላይ የተቀየረብኝ መጨረሻ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ 1996

ባሏን አስፈትተውታል። ጀርመንኛ የሚያውቁት አቶ በራኪ የትርጉሙን የመጨረሻ ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ፤ ያው ነው። እኔ የጻፍኩት፣ ሴትዮዋ ለታሰረ ባሏ ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን ጠባቂው «ከነገ ጀምሮ እንዳታመጪ» ብሎ ዕቃውን ሲመልስላት ነው። ቤቷ ገብታ ዕቃውን ታጥባለች። አለቀ። በጀርመንኛው በሩ ይከፈታል፣ ሰውዬው ይወጣል፣ ይተቃቀፋሉ። ከላይ የእኔ ስም አለ።

የተረጎመው ግርማ ነው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ኮሎኝ ይኖራል። ታሪኬ ከሌሎች ጋር የታተመበትን መጽሐፍም የላከልኝ እሱ ነው፣ «እንኳን ደስ ያለን» ከሚል ካርድ ጋር። በወሩ መጨረሻ እንደገና ይታተማል።

ማክሰኞ 13

ትርጉሙን ስፈቅድለት ለግርማ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂ አገኘሁት። «ታሪኩ ከእንግዲህ ልጅህ ነው፤ እንደ ወደድክ አሳድገው።» ፊርማዬ አለበት። ምን ነክቶኝ ነው? ምንም። ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው።

ሚስቴ ጸሐይ ሳቀችብኝ። «ቤቴ ቤትህ ነው ያሉት እንግዳ ሶፋውን ጭኖ ይሄዳል እንዴ?» ሚስት ስታገባ ጠበቃም አብሮ ይመጣል።

ሐሙስ 15

ኢገን ካለው ሥራዬ በቀጥታ አቶ በራኪ ወደሚኖሩበት ክሪስታል ነዳሁ። መንገዱ በረዶ ነው። አቶ በራኪ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ጀርመን አገር ማተሚያ ቤት ሠርተዋል፤ የደራሲ መብት ሕጉን እዚያ ለምደውታል።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እዚህ አሜሪካ መብትህን ሸጠህ ትገላገላለህ። እዚያ አይሸጥም። የማሳተም ፈቃድ ትሰጣለህ እንጂ ደራሲነትህን አትሰጥም። ስትሞት ለልጆችህ ይተርፋል።»

ደብዳቤውን አሳየኋቸው።

«ይኼ ጨዋነት ነው እንጂ ውል አይደለም። ታሪክህን አጣሞ ማተም በዚህ አይፈቀድም። መጽሐፉን ማስቆም ትችላለህ።»

ደስ አለኝ። ቀጠሉ፦ «ማስቆም ትችላለህ፤ ማስተካከል ግን አትችልም። ትርጉሙ ደግሞ የግርማ ሥራ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ አሳታሚው አንድ መስመር አይነካም።»

ስለዚህ፦ ወይ መጽሐፉ ይቆማል፣ ወይ ግርማ ይስማማል።

ዓርብ 16

ጠዋት ከሥራ በፊት ለግርማ ደወልኩለት። መጀመሪያ ቀለደ። «አንተ ሰውዬውን ገደልክ፣ እኔ አዳንኩት። ምን አጠፋሁ?»

አልሳቅኩም። መጨረሻውን መልስልኝ አልኩት።

 «ለወንድሜ ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዕቃውን የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። ያንን በእጄ አልጽፈውም።»

ወንድሙ እስር ቤት መሞቱን አውቅ ነበር። ዕቃውን ማን እንደተቀበለ ጠይቄ አላውቅም።

ቅዳሜ 17

ሳስብ ዋልኩ። ማስቆም እችላለሁ፤ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ግን መጽሐፉ ውስጥ ሌሎች ሰባት ደራሲዎች አሉ፤ ከባሰ የራሴን ታሪክ ብቻ አስወጣለሁ። በግርማ መጨረሻ ይታተም ማለትም አልችልም። እሱ ወንድሙን ያስፈታበታል፤ ልጃቸው ያልተፈታላቸው እናቶች ግን ውሸቱን በእኔ ስም ያነቡታል።

አቶ በራኪ ጋ ደወልኩ። የእኔን መጨረሻ፣ አራት ዓረፍተ ነገር፣ ይተረጉሙልኛል? «በግርማ ፈቃድ ከሆነ እሺ» አሉ። «በጽሑፍ።»

ለግርማ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ልጅህ ነው» የሚል የለበትም። «አንተ አትጽፈው። አቶ በራኪ ይጻፉት። ከተስማማህ ፈርም፤ ካልተስማማህ ታሪኬን ከመጽሐፉ አወጣለሁ። ስለ ወንድምህ ሳልጠይቅህ በመቅረቴ ይቅርታ።» ፋክስ አደረግሁ።

ማክሰኞ 20

መልሱ ቢሮ ፋክስ ላይ ጠበቀኝ። «ተስማምቻለሁ»፣ ፊርማ፣ ቀን። ሌላ የለም። ቅጂ ለአሳታሚው ልኳል።

በምሳ ሰዓት ከሕንፃው መግቢያ ስልክ ለግርማ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። አነሳው። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። እሱም፣ «በረዶው እንዴት ነው እዚያ?» አለኝ።

«እስከ ጉልበት» አልኩት።

«ታዲያ ኮፍያ አድርግ» አለ።