ሽመላዋ ተቆጥራ እኛ የቀረንበት ግቢ

ለተከበሩ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ መዛግብትዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ማኅተምዎ የከበደ ይሆን ዘንድ ከነባለቤቴ እመኛለሁ። እኛም፣ እርስዎ ዘንድ ባይመዘገብም፣ በሕይወት አለን።

እኔ በጦሩ የስንቅና ትጥቅ ግቢ የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የነበርሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ለሾፌሩም ለመካኒኩም መጽሐፍ ሳውስ ኖሬ፣ እዚያው በተሰጠኝ ባለሁለት ክፍል ቤት በጡረታ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የስፌት ክፍሉ አለቃ ነበረች፤ ዛሬ ግራ ጎኗ ስለማይታዘዝላት በተሽከርካሪ ወንበር ትውላለች። ጋራዡ፣ የነዳጅ ማከማቻው፣ የልብስ ማጠቢያውና የስፌት ክፍሉ ተዘግተው ወደ ሌላኛው የአገሪቱ ዳርቻ መዛወራቸውን በአክብሮት ተቀብለናል። ዕቃ ይዛወራል፤ እኛም ዕቃ ብንሆን ኖሮ በተዛወርን ነበር።

የግቢው አፈር ለዘመናት በፈሰሰበት ዘይት ስለ ተበከለ፣ ተቆፍሮ እስኪጸዳ ድረስ ሰው አልባ ሆኖ ይታጠር ዘንድ የሚያዝዘውን የጽሕፈት ቤትዎን ጥናት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በሙያዬ ብዙ ድርሳን አገላብጫለሁ፤ ይህን ያህል በመረጃ የበለጸገ፣ ይህን ያህልም ከሰው የጸዳ ግን አላጋጠመኝም። በአርባ ስድስተኛው ገጽ ላይ «በግቢው ውስጥ ነዋሪ አልተገኘም» ይላል። ይህንን ለባለቤቴ ሳነብላት ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ «እስቲ እጄን ያዘኝ፣ መኖሬን ልወቅ» አለችኝ። ያዝሁላት። ነበረች።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የግቢው ነዋሪዎች ሁላችን በከተማው አዳራሽ ለምክክር እንድንገኝ ጠራን፤ መቅረት እንደ መስማማት እንደሚቆጠርም አስጠነቀቀን። አምስት ቤተሰቦች ነበርንና በር ቆልፈን፣ ወንበሯን እየገፋን ሄድን። በዚያው ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ የጽሕፈት ቤትዎ ቆጣሪ ወደ ግቢው መጥቶ አምስቱንም በሮች አንኳኳ። አዳራሹ ውስጥ አንዱ እጅዎ የመጣንበትን አድራሻ ሲመዘግብ፣ ሌላው እጅዎ በዚያ አድራሻ ማንም እንደሌለ ጻፈ። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለምጽዋት መስሎኝ ነበር፤ ለቆጠራም መሆኑን በስተርጅና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ በውኃ ማማው ላይ ጎጆ የሠራችው ሽመላ በገጽ አሥራ ሁለት ተቆጥራለች፤ እንኳን ደስ ያላት። ቆጣሪው በመጣ ጊዜ ለምግብ ወጥታ ስለነበር ሦስት ቀን በመነጽር ተጠብቃለች፤ «ቦታው መኖሪያዋ መሆኑ ከጎጆዋ ይታወቃል» ተብሎም ተጽፎላታል። ለእኛ የቆጠራው ቅጽ የሚፈቅደው በቤት ሦስት ደቂቃ ነው። ጎጆዋን አይቶ መኖሯን የተረዳ አስተዋይ ሰው፣ በገመዳችን ላይ የተሰጣውን የሌሊት ልብሴን አይቶ ምን እንደ ተረዳ ለማወቅ እጓጓለሁ።

ሁለተኛ፤ ምትክ ቤት የሚሰጠው ለተቆጠረ ነዋሪ ነው፤ እኛ አልተቆጠርንም። እንግዲያውስ በራሳችን እንውጣ ብንል፣ ከግቢው ዕቃ የሚወጣው የንብረት ክፍሉ በፈረመበት ወረቀት ነው፤ የንብረት ክፍሉ ከነፈራሚው ተዛውሯል። የበሩ ዘበኛ፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ማን ከለከለዎት፣ ይውጡ እንጂ፤ አልጋው ነው የማይወጣው» አለኝ። አልቀየምሁትም፤ ባለቤቴን ለሕክምና ስወስዳት በሳምንት ሁለት ጊዜ ትልቁን በር የሚከፍትልን እሱ ነው። በመጪው ወር መጀመሪያ ግን እሱም ይዛወራል፤ ትልቁ በር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ለእግረኛ የምትቀረው ትንሿ በር ናት። ባለቤቴ ትንሿን በር በስፌት ሜትሯ ለክታታለች። ለወንበሯ አራት ጣት ያንሳታል። በልኬት ተሳስታ አታውቅም። አራቱ ጎረቤቶቻችን አልጋቸውን ጥለው ወደ ልጆቻቸው ሄደዋል፤ እኛን እግዜር በልጅ አልጎበኘንም።

ሦስተኛ፤ አቤቱታችንን ተቀብለው ስለ ሰጡን ፈጣን ምላሽ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በደብዳቤዎ መሠረት አቤቱታችን በመጪው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በከተማው አዳራሽ ይሰማል። ድጋሚ ቆጠራውም በመጪው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በግቢው ይካሄዳል። አንዱ ይዛወር ብዬ ብለምን «ሁለቱም መርሐ ግብሮች ጸድቀዋል» ተባልሁ። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም ይላሉ አበው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ደፍኖልናል።

ባለፈው ዘመን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሽማግሌ ያለፈ ይወዳል፣ በግቢያችን አንድ ንብረት ቆጣሪ ሻምበል ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ሊቆጥር መጥቶ አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ቢያጣ «የለም» ብሎ አይጽፍም ነበር። የወሰደው ማን እንደሆነ ይጠይቀኝና ወደ ጋራዡ ወርዶ፣ መካኒኩ ከመኪናው ሥር እስኪወጣ ድረስ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። አንድ ቀን «ሻምበል፣ ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ያላየሁትን ነገር የለም ካልሁ፣ ዓይኔ እንጂ መጽሐፉ አይደለም የጠፋው» አለኝ። እሱም ተዛውሯል፤ እሱ የሄደበት ግን ምትክ ቤት የማያስፈልግበት ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ እኔ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ ቤት ትቆያለች። ከተጋባን ወዲህ ለመቆጠር ብለን ስንለያይ የመጀመሪያችን ነው።

የመዝገብዎ ገጽ አይነጣ፣ የቢሮዎ ወንበር አይጥበብዎ፣ ከበርዎም አራት ጣት አይጉደል እያልሁ፣ በአርባ ስድስተኛው ገጽ ላይ የሌለሁት ትሑት አገልጋይዎ፣

የቀድሞው የግቢው ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ

ማስታወሻ፤ ባለቤቴ ከአልጋዋ እስከ በሩ በአንድ እጇ ወንበሯን እየነዳች ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ቅጹ ግን የሚፈቅደው ሦስት ነው። ስለዚህ ከማለዳው በሩን ከፍቼ፣ ወንበሯን ደፉ ላይ አቁሜ፣ ጉልበቷን በብርድ ልብስ ሸፍኜ እሄዳለሁ። እንቅልፍ ወስዷት ቢያገኛትም ይቁጠራት። ደግሞም ባለፈው ጊዜ ቆጣሪው ሲቸኩል የኮቱ ኪስ በበራችን ምስማር ተይዞ ተቀዶ ኖሮ፣ ቁራጩን ከአዳራሽ ስንመለስ አግኝተን አስቀምጠንለታል። ኮቱን ለብሶ ከመጣ በደኅናው እጇ ትሰፋለታለች። ከዚያ በኋላ «ነዋሪ አልተገኘም» ብሎ የሚጽፍ ከሆነም፣ ኪሱን ማን እንደ ሰፋለት የሚሞላበት አንድ መስመር በቅጹ ላይ እንዲጨመርለት በትሕትና እጠይቃለሁ።