የዓርብ ሽሮ

ሰቆጣ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይግዛው፣ አዲስ አበባ፤

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ተራራ ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናታችንን ብቻ ትንሽ ያስላታል።

ጴንጤ ሆነ ከተባለ ወዲህ ስምህ ከገበያ አይጠፋም። ማርያምን ይሰድባሉ፣ ዓርብ ቅቤ ይበላሉ ይሏችኋል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ትምህርታችሁን ምን አውቄ እፈርዳለሁ? ግን ፈትኜሃለሁ። ባለፈው ስትመጣ ዓርብ ዕለት ሽሮህ ውስጥ ቅቤ የጨመርኩት እኔ ነኝ! አንዴ ቀምሰህ እናታችንን አየሃትና «ጠገብኩ» ብለህ ተነሣህ። ጦምህን አደርክ።

ትናንት የነፍስ አባታችን ቄስ አሥራተ ማርያም መጥተው እናታችንን፣ «ልጄ አይደለም ካላልሽ ስትሞቺ አልፈታሽም» አሏት። እኔ «ቅቤውን የጨመርኩት እኔ፣ ያልበላው እሱ» ብላቸው አርባ ስግደት ጣሉብኝ። ሃያውን ሰግጃለሁ፤ ሃያው ያንተ ድርሻ ነው፣ እዚያው ስገድ። እናታችን ግን፣ «አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ ያጠመቁትን ልጅ እንዴት አድርጌ ልካደው?» ብላ መለሰቻቸው። መስቀላቸውን ሳያሳልሟት ሄዱ።

ዛሬ መግነዟን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፤ ብል እንዳይበላው ነው ትላለች። ለገና እመጣለሁ ያልከውን ተወውና አሁን ና።

እስክንተያይ የእናታችን አምላክ ይጠብቅህ፤ ያንተም እሱው መሰለኝ።

እኅትህ አልጣሽ