ሹራብ ያዢ ያልኩሽ አምባ

ሊልበርን፣ ጆርጂያ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንዲት ልጄ ለኤልዳና፣ ካለሽበት የሕንድ ተራራ አገር፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና አይደለሁም፤ ደኅና ነኝ ብዬም አልዋሽሽም።

ከእሑድ ወዲህ ያልደወልኩት አኩርፌ አይደለም። አፌን ስለማላምነው ነው። ይህን ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ፊደሉ ከጠፋብሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ቅዳሜ የደወልሽልኝ ከቤተ መንግሥቱ በረንዳ ላይ ነበር፤ ድሮ ንጉሥ ከኖረበት፣ አሁን ሆቴል ከሆነው፣ ሠርጋችሁ ከሚደረግበት። «እማዬ፣ ላይክ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው» አልሽኝ። እሰይ፣ ልጄ ቤተ መንግሥት ገባች ብዬ ሳቅሁ። ቀጥለሽ «ከሠርጉ ማግስት አምባ እንወጣለን» አልሽ። እኔ የማውቀው አምባ ተራራ ነው፤ አናቱ ሜዳ የሆነ። «ሹራብ ያዢ፣ ላይ ይበርዳል» አልኩሽ። ሞኝ እናት!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለጎረቤቴ ለካንታ አወራኋት። እሷም እንደ እጮኛሽ የሕንድ ጉጃራት ሰው ናት። ሁለት እጇን አጋጥማ ወደ ግንባሯ አነሳች። «አምባ እኮ ተራራው አይደለም። አምባ ማለት የምናመልካት እናት ናት፤ ትልቅ ቤተ መቅደስ አላት፤ ሙሽሮች ለምርቃት ይሄዳሉ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እሷም ላይ ጮህኩ፤ ላንቺም ደወልኩ። «እናትሽ ሞተችብሽ ወይ፣ ሌላ እናት ፍለጋ ተራራ የምትወጪው?» አልኩሽ። አንቺም «መርቂኝ ስልሽ ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ፤ ታዲያ ማን ጋ ልሂድ?» አልሽ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ የለኝም። ጥምቀትን እንኳ እንደ ሰው ሳላጨበጭብ አሳለፍኩት። ማክሰኞ ወደ ሥራ፣ ወደ ኢስት ፖይንት ስነዳ የምወጣበትን ኤግዚት ሁለት ጊዜ ሚስ አደረግኩ። መንገደኛ ኤርፖርት በማደርስበት ሻትሌም ሳውዝ ተርሚናል የሚወርዱትን ባልና ሚስት ኖርዝ ጥያቸው ሄድኩ። ሻንጣ እየጎተቱ ሲሮጡ በመስታወቱ እያየሁ አለቀስኩ። ለእነሱ መስሎሻል?

እጮኛሽን ጂግነሽን ጠልቼው አይደለም። መጀመሪያ «ጂግነሽ ጋ እያጠናሁ ነው» ስትዪኝ ሴት መስሎኝ «መሽቷል፣ እሷው ጋ እደሪ» ያልኩሽ እኔው አይደለሁ! በስም መታለል ለኔ አዲስ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ካንታን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እዚያም አላስቻለኝም። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ምስል ፊት ነው ልጄን የምታቆሟት?» አልኳት። «ምስል የለም። የተሸፈነ ነገር ነው፤ አገልጋዩ እንኳ ዓይኑን አስሮ ነው የሚቀርበው» አለችኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ታቦት በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ነው አላልኩም! እንዳትይዢብኝ። ሃይማኖቴ ሃይማኖቴ ነው፤ አንቺም ማዕተብሽን እንዳትበጥሺ። ግን እዚያው በሯ ላይ ቆሜ ራሴን ታዘብኩት። ለእግዚአብሔር ተቆርቁሬ አልነበረም የጮህኩት። ቀንቼ ነው፣ ልጄ። እኔ እያለሁ ከሌላ እናት ምርቃት መለመንሽ አንጀቴን አቃጠለው። ያስለመንኩሽም እኔ ነኝ።

ቪዛው በኢሜይል መጥቶልኛል፤ ቲኬትም ቆርጫለሁ። ሠርግሽ ላይ እልል እልልሻለሁ፤ ንጉሥ የነበረበት ቤት ነው ብዬም ድምፄን አልቀንስም። ማግስቱን አምባ ስትወጡም አብሬ እወጣለሁ። ውስጥ ግን አልገባም። ጫማ ደጅ ይወልቃል ብላኛለች ካንታ፤ ጫማችሁን ይዤ ደጅ እቆማለሁ፣ ያንቺንም የባልሽንም።

ድንግል ማርያም ከፊት ከኋላሽ ትሁን። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ትዳርሽ የአብርሃም የሣራ ይሁን። ይህ በወረቀት ነው፤ ወረቀት አይበቃኝም። ደጁ ስትደርሺ አትቸኩዪ፣ እዚያው እኔ አጠገብ ቁሚ። መጀመሪያ እኔ እጄን ራስሽ ላይ ጭኜ ልመርቅሽ። ከዚያ ግቢ።

ወላጅ እናትሽ
የሺእመቤት