ክላርኔቱ ቆም የሚልበት ቦታ

የኔ አስፋው፣

ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እያልኩህ ኖርን። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለምና የጓዳውን ልበልህ። ከተለያየን መንፈቅህ አልፎ ሰባተኛው ወር ገባ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ራስህን ውቀስ።

ቤቱ ደህና ነው። በሀገያው፣ በጥቅምት ኅዳሩ ዝናብ ጓዳው አፍስሶ ነበር፤ የክላርኔት ተማሪህ ጅሎ የልብስ ስፌቱን ትቶ መጥቶ ቆርቆሮውን መታልኝ። ካፖርትህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ያ ገና ሳይነጋ እየጮኸ እንቅልፍ የሚነሳህ አውራ ዶሮም አለ። ይታረድ ብለህ የፈረድክበት እሱ አንተን ቀብሮ ቀረ፤ እኔም መጨከን አቃተኝ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዶሮ ላወራህ አይደለም። ስለ ሜዳው በዓል የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ከነገርኩህ በኋላ እንዴት እንደምታየኝ አላውቅም።

ከጦሩ የሙዚቃ ክፍል ጡረታ ወጥተህ ነገሌ ስትቀር ሰው ሥራ ፈታ ብሎ አማህ። አንተ ግን የጭነት መኪና ለምነህ አጥራችን ሥር ሜዳው ላይ አቆምክና መድረክ አደረግከው። ከዚያ ወዲህ የሀገያው ዝናብ ባበቃ ቁጥር ከተማው እዚያ ይሰበሰባል። የወታደሮቹ ሚስቶች እያንዳንዳቸው የአገራቸውን ይዘፍናሉ፤ አስተማሪዎቹ ቴያትር ይሠራሉ፤ የተማሪዎቹ ሥዕል በአጥራችን ላይ በገመድ ይሰቀላል። ከጎረቤት ከተማ ከወደራ ሴቶች በመኪና ተጭነው ይመጣሉ። የቦረና ወንዶች ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ሲያወጡ የሚዘፍኑትን፣ ባዶ የቆዳ ባልዲ ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ ያሳያሉ። ከአውራጃው ድንኳን እንስጣችሁ ሲሉህ እንኳን እምቢ አልክ። ድንኳኑን ከተቀበልን የሹሞቹ ንግግርም ይከተላል ብለህ ሁላችንንም ፀሐይ ላይ አስቀመጥከን። እኔ ራሴን አሞኝ ስነጫነጭብህ ዋልኩ።

የመጨረሻው ሁልጊዜ ያንተ ነበር። ያን የውሃ ዘፈን ሰምተህ የሠራኸው ዜማ። ግጥሙን ለኔ ድምፅ ብለህ ጻፍከው፦

ከላይ ሆነህ ጥራኝ፣ ከታች እሰማለሁ፣
ገመዱ ቢያጥርብህ ድምፄን እልካለሁ።

ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ እዘፍንልሃለሁ፤ አንተም በር ላይ ቆመህ ትነፋለህ። ሜዳው ላይ ውጪና ዝፈኚ ስትለኝ ግን፣ ያባቴ ልጅ መኪና ላይ ወጥታ አትዘፍንም አልኩህ። አዝማሪ ሆነች ይሉኛል አልኩህ። አልተከራከርከኝም። በየዓመቱ ዜማውን ጀምረህ ግጥሙ የሚገባበት ቦታ ስትደርስ ክላርኔቱን ከአፍህ ታወርድና ወደ ሴቶቹ ወገን ታያለህ። እኔ የነጠላዬን ዘርፍ እፈትላለሁ። ከዚያ መልሰህ ታነሣውና የኔንም ራስህ ትነፋዋለህ። ሕዝቡ ዘፈኑ እንዲህ ነው ብሎ ለመደው።

አምና ደረትህን አሞህ ነበር። ክላርኔቱን አወረድክና ከወትሮው አብዝተህ ቆየህ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ደከማቸው መሰል ብላ አዘነችልህ። አለመድከምህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አወቅሁና አቀረቀርኩ። ወደ ቤት ስንገባ ትቀየመኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንተ ግን ትከሻዬን ይዘህ «አይዞሽ፣ ከርሞም አለ» አልከኝ።

ከርሞ ይኸው ደረሰ፤ አንተ ግን የለህም።

ሽማግሌዎቹ መጥተው የጋሼ ሐዘን ሳይወጣ በዓሉ ዘንድሮ ይቅር አሉኝ። በኔ ምክንያት አይቅር፣ እኔ ግን ዓመትህ ሳይሞላ ደጅ አልወጣም አልኳቸው። ሲመርቁኝ ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በበዓሉ ዕለት በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ባልዲውን ሲቀባበሉ፣ ልጆቹ ሲስቁ ሁሉም ይሰማኛል። በመጨረሻ ጅሎ ባንተው ክላርኔት ያንተን ዜማ ጀመረ። አላስቻለኝም፤ ጥቁሬን እንደለበስኩ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ።

ግጥሙ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ፣ አስፋው፣ ጅሎ ክላርኔቱን ከአፉ አወረደ። ልክ እንዳንተ። ወደ ሴቶቹ ወገን አየ። ሕዝቡም ዝም አለ፤ ለምዶታላ። እዚያ ወገን እኔ አልነበርኩም። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ አጥሩን ይዤ ዘፈንኩ። ሁለቱንም ስንኝ፣ እስከ መጨረሻው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጅሎ ክላርኔቱን አንሥቶ ተከተለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንደኔ ያለ ነው።

ጥቁር ለብሳ ዘፈነች ብለው ያሙኝ አሉ፤ ይሙኝ። የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም። ደስ አለኝ፣ አስፋው። ድምፄ ሲወጣ ደረቴ ቀለለኝ። ሲያጨበጭቡልኝ ለአንድ አፍታ መሞትህን ረሳሁ። ደግሞም ማንም አዝማሪ አላለኝም፤ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር ጭራሽ አልነበረም። አንተ በየዓመቱ የለመንከኝን ጅሎ ሳይለምነኝ ሰጠሁት። ለንስሐ አባቴ ብናገር የሐዘን ወጉን ስላፈረስኩ ቀኖና ይሰጡኛል፤ አንተን ነፍጌ ለሱ ለሰጠሁት ግን ምን እንደሚሰጡኝ እንጃ።

በማግስቱ ጅሎ እንደ ልማዱ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ብሎ ገብቶ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ያጠፋ መስሎት አንገቱን ደፍቷል። «እትዬ፣ ጋሼ እዚያ ጋ ሁልጊዜ ዝም ይሉ ነበር» አለኝ። «ዝምታው የዘፈኑ መስሎኝ ነው።»

የዘፈኑ ነው አልኩት። እውነቱን ልነግረው አፌ አልደፈረም፤ ላንተ ብቻ ነገርኩህ።

ዕድሜ ከሰጠኝ ከርሞ ጥቁሩን አውልቄ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። ጅሎ ክላርኔቱን ሲያወርድ ግን ወዲያው አልነሣም። አምና አንተ የጠበቅከኝን ያህል እኔም እጠብቃለሁ፤ እንዴት እንደሚረዝም ልየው። ከዚያ ተነሥቼ መኪናው ላይ እወጣለሁ። በየዓመቱ፣ ጉልበቴ እስኪከዳኝ፣ እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቅር በለኝ፤ ግጥሙን እገለብጠዋለሁ። ከላይ ሆኜ የምጣራው አሁን እኔ ነኝ፣ ገመዱም ያጠረው በኔ ነው።

ያንተው በላይነሽ