የአክስቴ ሐጀራ ቀይ ውሃ

ጥር 3
ዛሬም መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ዋልኩ። አባባ በርሜል ይቆርጣል፣ እኔ እይዛለሁ። በጂኦሎጂ ተመርቄ... ይሁን። ቀኑ ደስ ይል ነበር።

ጥር 5
አክስቴ ሐጀራ ከወሎ መጣች፣ ጀሪካን ተሸክማ። ማር መስሎን ከፈትነው። ውሃ ነው። ዝገት የመሰለ።
«የጉድጓዳችን ነው። ልብስ ያበላሻል። ሰው ቀዬውን ሊለቅ ነው። አንቺን አስቤ፣ ጠሂራ ተምራለች አልኳቸው።»
ከመቼ ጀምሮ? የድንጋይ ከሰል ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ።

ጥር 6
ጓደኛዬ ኤልሳቤት ላቦራቶሪ ትሠራለች። ለሷ ወሰድኩላት።

ጥር 13
የውሃው ውጤት መጣ። አሲድ አለው። ብረቱ ብዙ ነው። ለአክስቴ አስረዳኋት... ማውጫው ሲሠራ ፓምፕ ውሃውን ይስብ ነበር። ሲዘጋ ፓምፑ ቆመ፣ ውሃው ዋሻውን ሞላ። አየር ያገኘውን ድንጋይ አጥቦ፣ ብረቱንና አሲዱን ይዞ በመሬት ውስጥ ወደ ጉድጓዳቸው ወረደ።
«እርግማን አይደለማ?»
«አይደለም።»
«አልሐምዱሊላህ» ብላ ምሳዋን ጨረሰች።

ጥር 16
አባባ ከበርሜል ማጣሪያ ሠራ። ውሃው እየተንጠባጠበ አየር ያገኛል፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ አሸዋ። ጠርቶ ወጣ። ጎረቤታችን ጋሼ ፈለቀ ሊጠጡ ብርጭቆ አነሱ። እጃቸውን ያዝኩ።
«ኤልሳቤት ሳታየው አይጠጡም።»
አባባ አኮረፈኝ።

ጥር 23
ብረቱ ወርዷል። ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ግን እንዳለ ነው። ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። አባባ ማጣሪያውን ወደ ጥግ ገፋው... አሳዘነኝ። ምን ላድርግ? አክስቴን ሌላ ውሃ የላችሁም ወይ አልኳት።
«ከማውጫው በላይ አንዲት ምንጭ አለች። ሩቅ ናት ብለን ትተናታል።»
ከበላይ? ውሃ ሽቅብ አይሄድም እኮ። እስካሁን እንዴት ሳልጠይቃት?

የካቲት 2
ምንጯን አይተን ከወሎ ተመለስን። የውሃዋን ናሙና ለኤልሳቤት ሰጠኋት። አባባ ስለ ቧንቧ ብቻ ያወራል።

የካቲት 9
ንጹህ። ንጹህ። ንጹህ።

መጋቢት 11
ምንጯ ተገንብታ ውሃው በቧንቧ መንደር ገባ። አባባ መገጣጠሚያውን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ገጥሞ ተመለሰ። ዛሬ አክስቴ ደወለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሁሉም መረቀኝ። መጨረሻ ላይ የማላውቀው ሽማግሌ ድምፅ...
«ልጄ፣ ከአክስትሽ በታች ካለው መንደር ነኝ። የኛም መቅላት ጀምሯል።»
ለሰኞ ትኬት ቆረጥኩ። አሥራ ሁለት የናሙና ጠርሙስ አጥቤ እንዲደርቅ ደፍቻለሁ።