ባሕር በጋሼ ሰይድ ማሳ

ጥር 7፣ ጠዋት 3፡00
ናሙና ቁ. 8 አለቀ። ያው የሐይቅ ዳያተም ነው። ስንቴ ልንገርሽ ደብተሬ፣ በዓይን የማይታይ የውሃ አልጌ ነው፤ የመስታወት ቅርፊቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ዓይነቱ ጥንት እዚያ የነበረው ውሃ ሐይቅ ይሁን ባሕር ይናገራል። ለመመረቂያዬ የጥንቱን ሐይቅ ዳርቻ እየፈለግሁ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ከአሁኑ ገደለኝ።

3፡40
ሱብሃነላህ! ቁ. 9 ውስጥ የባሕር ዳያተም! ክብ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ። ቁ. 10፣ 11፣ 12፣ ሁሉም ውስጥ ሞልቷል። ይፋት ባሕር ነበር እንዴ?

ጥር 8፣ ዓርብ
ለአማካሪዬ ለዶ/ር ደወልኩ፤ ስልኩ ውስጥ በደስታ ጮኹ። የፊታችን ሐሙስ ለመምህራኑ ሁሉ አቅርቢ አሉኝ። ለዶክትሬትም እኔው ነኝ የማስቀጥልሽ አሉ። እኔ!
ማሳቸውን ላስቆፈሩኝ ለጋሼ ሰይድም ነገርኳቸው። አጂብ፣ ድንቅ ነው አሉ። ከጁምዓ በኋላ፣ ማሽላዬ የሚበቅለው ባሕር ላይ ነው እያሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ።

ጥር 10፣ ከሰዓት 10፡00
ወደ ማሳው፣ ቀወት ወረድኩ። ጋሼ ሰይድ የተወቃ ማሽላቸው ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰንሳሉ። ለነቀዝ ነው፣ ከውጭ የመጣ፣ መርዝ የሌለው የተፈጨ አፈር ነው አሉኝ። የምን አፈር? ከረጢቱን አነበብኩ። ዳያተም። የባሕር።
ስንቆፍር ፌስታል አልቆብኝ ነበር። ከቁ. 9 ጀምሮ ያለውን የከተትኩት እሳቸው አራግፈው በሰጡኝ የማሽላ ማዳበሪያ ጆንያ ነው።

12፡00
ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ አየሁት። ያው ክብ፣ ያው ወንፊት። ወይኔ ጉዴ! ባሕሩ ማዳበሪያው ውስጥ ነበር።

ጥር 12፣ ጠዋት
ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ዶ/ር ማዳበሪያውን አላዩም። ይህን ማሰቤ ራሱ አስደነገጠኝ። እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?

ከሰዓት 9፡00
ጋሼ ሰይድ ጋ ሄጄ ተናገርኩ። ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ነኛ ልፋትሽን ያበላሸሁት፣ አውፍ በይኝ ልጄ አሉ። አንጀቴን በሉት። እሳቸው ምን አጠፉ? አዝነውልኝ ሰጡኝ፤ ሳላጣራ የከተትኩት እኔ። ለመስጊዱ ጀመዓ ምን ልበል ሲሉኝ፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

10፡30
ወሰንኩ። ሐሙስ የማቀርበው እስከ ቁ. 8 ያለውን ብቻ ነው። የጋሼ ሰይድ ስም አይነሳም። ለዶ/ር ጻፍኩ፦ ባሕር የለም፤ ናሙናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ላክሁት። አነበቡት። እየጻፉ ነው ይላል ስልኬ። አቆሙ። እንደገና እየጻፉ ነው። ምንም ይበሉ፣ የላክሁትን አልመልስም።